የሁለት እምቢ ባዮች አወዳደቅ፤ በፓሪስና በመቅደላ
(በአጅባር ለሕዝብ የተሰጠ ትምህርት)



አብዮት የምንለው ቃል በዘመናችን ሰው ጆሮ የሰልፍ ጩኸትና የጥይት ድምፅ አስከትሎ የሚገባ ቢሆንም፣ ሥሩን ቆፍሮ ለሚያየው ሰው «አበየ» ከሚለው የግእዝ ግስ የተገኘ ነው፤ አበየም ማለት እምቢ አለ፣ አልታዘዝም አለ ማለት ነው። ስለዚህ አብዮተኛ የሚባለው ሰው፣ ፍልስፍናውና ማዕርጉ ከመቈጠሩ በፊት፣ በመጀመሪያ ፍቺው እምቢ ባይ ነው። እኔም ዛሬ የምነግራችሁ እምቢ በማለታቸው ከፍ ከፍ ካሉ በኋላ፣ በተራቸው እምቢ ተብለው ስለ ወደቁ ሁለት ሰዎች ነው፤ አንደኛው ፈረንሳዊው ጠበቃ ማክሲሚልያን ሮቤስፒየር ሲሆን፣ ሁለተኛው ከዚህ ከተማ ብዙ በማይርቀው በመቅደላ አምባ ላይ ሕይወታቸው ያለፈው ዐፄ ቴዎድሮስ ናቸው።

አንዱ የንጉሥ አንገት ያስቈረጠ፣ ሌላው ራሳቸው ሥዩመ እግዚአብሔር ተብለው የተቀቡ ንጉሠ ነገሥት ሆነው ሳለ እነዚህን ሁለት በአንድ ሚዛን ማስቀመጥ ምን የሚሉት ነገር ነው የሚል አድማጭ እንደሚኖር አውቃለሁ፤ ተቃውሞውም እውነት አለበት። ነገር ግን ዘውድ የሚጭን ሁሉ የቀድሞው ሥርዐት ጠባቂ አይደለም፤ ዐፄ ቴዎድሮስ የመሳፍንቱን፣ የካህናቱንና የወታደሩን ልማድ በአንድ ትውልድ ዕድሜ ሊገለብጡ ያሰቡ ሰው ስለ ነበሩ፣ በሥራቸው ሲመዘኑ ከነገሥታቱ መዝገብ ይልቅ ለአብዮተኞቹ መዝገብ ይቀርባሉ።

የሮቤስፒየርን ነገር በአጭሩ ልናገር። እ.ኤ.አ. በ1758 በአራስ ከተማ ተወልዶ ሕግ ተምሮ፣ በ1789 ንጉሡ ሉዊ 16ኛ በጠሩት ታላቅ ጉባኤ ላይ የአገሩ እንደራሴ ሆኖ ፓሪስ የመጣ፣ ቁመቱ አጭር፣ ድምፁ ቀጭን፣ ልብሱ ግን ሁልጊዜ የተስተካከለ ጠበቃ ነበር። በአንድ አናጢ ቤት ተከራይቶ ይኖር የነበረና በገንዘብ የማይደለል በመሆኑ ሕዝቡ «የማይበሰብሰው» የሚል ስም አወጣለት። ይህ ሰው በግንቦት 1791 በጉባኤው ፊት ቆሞ የሞት ቅጣት ከሕግ መጽሐፍ እንዲፋቅ የተከራከረ መሆኑን ስትሰሙ፣ ከሦስት ዓመት በኋላ ስለ እርሱ የሚነገረውን ለማመን ይቸግራችኋል፤ እኔንም ሁልጊዜ ይቸግረኛል። በ1793 ክረምት የሕዝብ ደኅንነት ኮሚቴ ወደ ተባለው የአሥራ ሁለት ሰዎች ሸንጎ ገባ፤ በሚያዝያ 1794 የቀድሞ ወዳጁን ዳንቶንን ጊዮቲን ወደሚባለው የአንገት መቁረጫ መኪና ሰደደ፤ በሰኔም ተከሳሽ ጠበቃ እንዳያቆም የሚከለክል ሕግ አስወጣ። ጠበቃው ጠበቃን ከለከለ። ከዚያ ሕግ ወዲህ በነበሩት ሰባት ሳምንታት ያህል ውስጥ በፓሪስ ብቻ ከ1,300 ሰው በላይ ተሰየፈ።

ያ ሕግ ከመውጣቱ ሁለት ቀን ቀደም ብሎ ሮቤስፒየር ለልዑል ፈጣሪ ክብር ያቋቋመውን በዓል ለማክበር፣ በእጁ አበባና የስንዴ ዛላ ይዞ፣ በሰልፉ ፊት ፊት ይሄድ ነበር። ስንዴው ለእኔ ትልቅ ነገር ነው፤ ምክንያቱም የፈረንሳይ አብዮት ከነገረ መንግሥቱ ሁሉ በፊት የዳቦ ነገር ነበረና። የፓሪስ ድሀ እነሮቤስፒየርን የደገፈው የእህል ዋጋ በሕግ ስለ ተወሰነለት ነበር፤ ይኸው መንግሥት ግን በሐምሌ 1794 መጨረሻ ገደማ የቀን ሠራተኛውንም ደመወዝ ወስኖ፣ ለብዙው ሰው ከለመደው ዝቅ አድርጎ ዐወጀ። ከአራት ቀን በኋላ፣ ሐምሌ 27 ቀን፣ የጉባኤው አባላት ነገ ተራው የእኔ ነው እያሉ የፈሩት ሁሉ ተባብረው ሮቤስፒየርን አስያዙት። የፓሪስ ማዘጋጃ ቤት ግን ወዳጁ ስለ ነበረ ከጠባቂዎቹ እጅ አስወጥቶ ወደ ራሱ አዳራሽ ወሰደው፤ ደወልም አስደወለ፤ የከተማይቱን 48 ቀበሌዎች ኑና አብዮታችሁን አድኑ እያለ ጠራቸው። ከአርባ ስምንቱ የመጡት ጥቂቶቹ ናቸው። የመጡትም በአደባባዩ ከነመድፋቸው ቆመው ትእዛዝ ሲጠብቁ፣ ሰዓቱ ሲገፋና የሚያዛቸው ሲያጡ፣ ከእኩለ ሌሊት በኋላ አንድ በአንድ ወደየቤታቸው ገቡ። የጉባኤው ወታደሮች ሲደርሱ አደባባዩ ባዶ ነበር። በማግሥቱ ሮቤስፒየር፣ መንጋጋው በጥይት ተሰብሮ፣ ከሃያ አንድ ወዳጆቹ ጋር ያስፈጃቸው ሰዎች በሄዱበት ጋሪ ሄደ፤ ዕድሜውም 36 ነበር።

ይህን ባዶ አደባባይ ልብ በሉልኝ፤ ወደ እርሱ እመለሳለሁና።

አሁን ወደ አገራችን እንምጣ። ካሣ ኃይሉ፣ የኋላው ዐፄ ቴዎድሮስ፣ በቋራ የተወለዱ፣ በልጅነታቸው ከገዳም የተማሩ፣ ጠላቶቻቸው «የኮሶ ሻጭ ልጅ» እያሉ የሚሰድቧቸው ሽፍታ በነበሩበት ዘመን አገሪቱ የመሳፍንት መጫወቻ ሆና ነበር። ንጉሠ ነገሥት የሚባለው በጎንደር ተቀምጦ ስሙ ብቻ ይጠራል፤ ሥልጣኑ ግን በየጁ ራሶች እጅ ነው፤ አንዱ ደጃዝማች በሌላው አገር ላይ ይዘምታል፤ ወታደሩም ደመወዝ ስለሌለው በገበሬው ቤት እየተመራ ይበላል። ካሣም እምቢ አሉ። በ1845 ዓ.ም. መጀመሪያ በጉር አምባ ደጃዝማች ጎሹን ድል አድርገው ገደሉ፤ በዚያው ዓመት ሰኔ በአይሻል አማታቸውን ራስ ዓሊን አሸነፉ፤ በየካቲት 1847 ዓ.ም. ደጃዝማች ውቤን ደረስጌ ላይ ማርከው፣ ውቤ ለራሳቸው ንግሥ ባሠሩት በደረስጌ ማርያም በአቡነ ሰላማ እጅ ተቀብተው ነገሡ። ስማቸውንም ቴዎድሮስ አሉት፤ በፍካሬ ኢየሱስ ጽድቅንና ሰላምን ይዞ ይመጣል ተብሎ ሲጠበቅ የኖረው ንጉሥ ስም ይኸው ነበርና። እኔ በዚህ ስም ላይ ብዙ ጊዜ አስቤአለሁ። ሰው ራሱን በትንቢት ስም ከጠራ በኋላ፣ ያልተቀበለው ሁሉ ባላንጣ ብቻ ሳይሆን የእግዚአብሔር ጠላት ሆኖ ይታየዋል፤ ፈረንሳዊውም በምግባር ስም መናገር ከጀመረ ወዲህ የሚቃወመውን ሁሉ ምግባረ ብልሹ ማለቱ ከዚህ የራቀ አይደለም።

በነገሡ ጊዜ ያወጡት ዐዋጅ ገበሬው ይረስ፣ ነጋዴው ይነግድ፣ ሁሉም ወደ አባቱ ሥራ ይግባ የሚል ነበር። ይህን ሰምተው የትስባ ሰዎች፣ በዝርፊያ የታወቁት፣ ጋሻና ጦራቸውን ይዘው ከፊታቸው ቀርበው «የአባታችን ሥራ መቀማት ነውና ዐዋጁን ያጽኑልን፤ ይህንም ዐፄ ዳዊት ፈቅደውልናል» አሏቸው ይባላል። ንጉሡም በሬና ማረሻ እንስጣችሁ ቢሏቸው እምቢ አሉ፤ እንግዲያውስ ሂዱ ብለው አሰናበቷቸውና በመንገድ ላይ ፈረሰኛ ልከው «እናንተን ዐፄ ዳዊት ዝረፉ ብለው ከፈቀዱላችሁ፣ ፈረሰኛም ወንበዴን እንዲገድል ተፈቅዶለታል» አሰኝተው ፈጇቸው። ሰው ይህን ሲሰማ ይሥቃል፤ እኔም ሥቄአለሁ፤ ነገር ግን የኋላው ዘመን ሁሉ በዚህች ተረት መሰል ታሪክ ውስጥ ተጠቅልሎ ይገኛል።

ከሐሳባቸው ሁሉ ትልቁ ለወታደሩ ደመወዝ ሰጥቶ ከገበሬው ጫንቃ ማውረድ ነበር። ደመወዙ ከየት ይመጣል? እዚህ ላይ ነው ከቤተ ክህነት ጋር የተጋጩት። በ1848 ዓ.ም. ገደማ ሊቃውንቱንና ካህናቱን ሰብስበው፣ ለአንድ ቤተ ክርስቲያን ሁለት ቄስና ሦስት ዲያቆን፣ አምስት ልዑካን ይበቃሉ፤ ጥምጥም ጠምጥሞ ቅዳሴ የማይቀድሰው የቀረው ደብተራ ግን እንደ ማንኛውም ገበሬ አርሶ ይገብር አሉ። ካህናቱም የቀደሙት ነገሥታት የሰጡትን ርስተ ጉልት አንለቅም፤ ይልቁንስ ንጉሡ ዓመቱን በየአገሩ እየተዘዋወሩ ቢቀመጡ ለሠራዊቱ ምግብ አይጠፋም የሚል መልስ ሰጧቸው። በዚህ ክርክር ማን ትክክል ነበር ብትሉኝ፣ በሐሳቡ ንጉሡ፣ በአገሩ ጠባይ ዕውቀት ግን ካህናቱ ነበሩ እላለሁ። ምክንያቱም ካህኑ ሕፃኑን የሚያጠምቅ፣ ሙታኑን የሚፈታ፣ ገበሬውን በንስሓ የሚይዝ የነፍስ አባት ነው፤ መሬቱን የቀማ ንጉሥ በየጓዳው ባላንጣ ያቆማል። በ1852 ዓ.ም. ንጉሡ ክርክሩን ትተው በኃይል መሬቱን ወሰዱ፤ አራት ዓመት ቆይተውም የቀባቸውን ጳጳስ በመቅደላ አሰሩ። አቡነ ሰላማ እዚያው እንደ ታሰሩ በጥቅምት 1860 ዓ.ም. ዐረፉ።

የወሎን ነገር እዚህ አጅባር ላይ ቆሜ ባልፈው አድልዎ ይሆንብኛል። በቋራና በጎንደር ስለ መይሳው ካሣ የሚነገረውና በወረሂመኖ ቤቶች ስለ እርሳቸው የተነገረው አንድ አይደለም። ንጉሡ ገና በነገሡበት ዓመት በወሎ ላይ ዘምተው መቅደላን ያዙ፤ አገሩ ግን በየጊዜው ሲያምፅባቸው በየጊዜው ተመልሰው ይወጉት ነበር፤ በዚህም ዘመቻ እጅና እግራቸው የተቈረጠ ምርኮኞች ነበሩ። የወሎዋ ገዥ የወይዘሮ ወርቂት ነገር ደግሞ ለብቻው ትምህርት የሚበቃ ነው። የሸዋው ምኒልክ ዐሥር ዓመት ያህል በመቅደላ ከቆዩ በኋላ በ1857 ዓ.ም. ክረምት መግቢያ በሌሊት አምልጠው ወደ ወርቂት ግዛት ሲገቡ፣ የእርሷ ልጅ በቴዎድሮስ እጅ በአምባው ላይ እስረኛ ነበር። እንግዳዋን አሳልፋ ብትሰጥ ልጇን ልታድን ትችል ነበር፤ እርሷ ግን ምኒልክን ወደ አገራቸው አሳለፈቻቸው፤ ንጉሡም በቁጣ ልጇን ከሌሎች የወሎ እስረኞች ጋር አስገደሉት። ያቺ እናት ከዚያ ቀን በኋላ ለንጉሡ ዕርቅ ትገባለች ብሎ የሚያስብ ማነው? ንጉሡ በአንድ ቀን ቁጣ ወሎን ለዘለዓለም አጡት።

በ1859 ዓ.ም. ጎንደር ዘርፈው ሲያቃጥሉ፣ ላስታ በዋግሹም ጎበዜ፣ ሸዋ በምኒልክ፣ ጎጃም በተድላ ጓሉ እጅ ነበር፤ ለንጉሠ ነገሥቱ የቀራቸው የደብረ ታቦር ዙሪያና የመቅደላ አምባ ብቻ ነው። ወታደሩ ዘርፎ አይብላ ብለው የጀመሩት ሰው፣ ወታደራቸውን በዘረፋ ብቻ የሚመግቡ ሆኑ። ይህን ስናገር ልቤ ይከብዳል፤ ሰውዬው ግብዝ አልነበሩምና። የመጀመሪያውን ሐሳብ እስከ መጨረሻ ያምኑበት ነበር፤ ሮቤስፒየርም እንደዚሁ። ግብዝ ቢሆኑ ኖሮ ምናልባት በጊዜው ይመለሱ ነበር።

ሴባስቶፖል ስለ ተባለው መድፍ ጥቂት ልቆይ፤ ከታሪኩ ሁሉ እኔን የሚይዘኝ ይህ ነውና። በጋፋት ይኖሩ የነበሩት የአውሮፓ ሚስዮናውያን፣ ወንጌል ሊሰብኩ መጥተው መድፍ እንዲሠሩ የተገደዱት፣ ሰባት ቶን ያህል የሚመዝን ታላቅ መድፍ አቅልጠው አፈሰሱ። እንግሊዞች ለታሰረው ቆንስላቸው ሲሉ ጦር ማዝመታቸው ሲታወቅ፣ ንጉሡ በመስከረም 1860 ዓ.ም. መጨረሻ ደብረ ታቦርን አቃጥለው ይህን መድፍ እየጐተቱ ወደ መቅደላ ጉዞ ጀመሩ፤ የደረሱትም በመጋቢት ነው። ስድስት ወር! የጅዳን ገደል የምታውቁ፣ በሽሎንም በበጋ የተሻገራችሁ፣ ይህ ምን ማለት እንደ ሆነ ከእኔ ይልቅ ታውቁታላችሁ። መንገድ አልነበረም፤ ንጉሡ መንገድ አስጠረጉ፤ ዐለቱን በባሩድ ሰነጠቁ፤ እርሳቸው ራሳቸው ድንጋይ ይሸከሙ፣ በገመዱም ይስቡ ነበር። በኋላ በዚያው መንገድ የተራመዱት የእንግሊዝ መሐንዲሶች በሥራው ተደንቀዋል። ንጉሡ ከወታደሩ ጋር እኩል ላባቸውን ያፈሰሱበት፣ ምናልባትም ከዘመናቸው ሁሉ እውነተኛው የመንግሥት ሥራ ይህ ነበር፤ የሚያሳዝነው ግን መንገዱ የሚሄደው ገበያ ወዳለበት ሳይሆን ወደ መጨረሻው አምባ ብቻ መሆኑ ነው።

በዚያው ወራት ጄኔራል ናፒየር 13,000 ያህል ወታደርና 44 ዝሆን ይዞ ከዙላ ወደብ ተነሥቶ በሰናፌ፣ በእንጣሎና በአሸንጌ በኩል ይጓዝ ነበር። ይህ ሠራዊት ከባሕሩ እስከ መቅደላ በር ሲደርስ በመንገድ ላይ አንድ ጦርነት እንኳ አልገጠመውም። ደጃዝማች ካሣ ምርጫ፣ የኋላው ዐፄ ዮሐንስ፣ በትግራይ አሳለፉት፤ ገበሬውም ገብሱን፣ ሣሩንና በቅሎውን በማርያ ቴሬዛ ብር ሸጠለት። ታዲያ ይህን ገበሬ ከሀዲ ልንለው ነው? ከንጉሡ ወታደር እህሉን በጉድጓድ የደበቀው፣ ለእንግዳው ግን ያወጣው፣ አንዱ ይነጥቀው፣ ሌላው ይከፍለው ስለ ነበር እኮ ነው። የፓሪስ ሠራተኛ በዚያች ሌሊት በአልጋው ላይ እንዲቀር ያደረገው የደመወዝ ዐዋጅና የእኛን ገበሬ ጎተራ የከፈተው ብር፣ ለእኔ የአንድ ነገር ሁለት ፊት ናቸው። ሰው አብዮተኛውን እምቢ የሚለው ሁልጊዜ ጦር መዝዞ አይደለም፤ አብዛኛውን ጊዜ ከቤቱ ባለመውጣት ነው።

የመጨረሻውን ሳምንት እናንተ ከአባቶቻችሁ ስለ ሰማችሁት በዝርዝር አልሄድበትም። ጊዜው ሰሙነ ሕማማት ነበር። በጸሎተ ኀሙስ ንጉሡ በእስላምጌ ከታሰሩት ኢትዮጵያውያን እስረኞች በመቶ የሚቈጠሩትን አስገድለው ወደ ገደል አስወረወሩ፤ ዓርብ ስቅለት፣ ሚያዝያ 3 ቀን 1860 ዓ.ም.፣ ፊታውራሪ ገብርዬ በአሮጌ ሜዳ ሠራዊቱን ይዞ ወርዶ ሮኬትና ፈጣን ጠመንጃ ፊት ወደቀ፤ 700 ያህል ሰው አለቀ፤ ከእንግሊዝ ወገን በሜዳው ላይ የሞተ አልነበረም። ቅዳሜ ንጉሡ ራሳቸውን ሊገድሉ ሞክረው ጭፍሮቻቸው አስጣሏቸው፤ አውሮፓውያኑን እስረኞች ለቀቁ፤ በማግሥቱም ለፋሲካ መፈሰኪያ ለናፒየር ላምና በግ ሰደዱ፤ ስጦታው መመለሱን ሲሰሙ ዕርቅ እንደሌለ ተረዱ። የወሎ ሰዎች ደግሞ በመውጫው በኩል ተቀምጠው መንገዱን ዘግተው ነበር። ሰኞ ከቀትር በኋላ እንግሊዞች በኮከት በር ሲወጡ፣ ንግሥት ቪክቶሪያ ከዓመታት በፊት በስጦታ የላኩላቸውን ሽጉጥ ጠጥተው ሞቱ። ስለዚህ ሞት ብዙ ተዘፍኗል፤ ብዙም ተጽፏል፤ በድፍረቱ ላይ እኔ የምጨምረው የለም። ከዚያ ወዲያ አምባው እንደ ተቃጠለ፣ መጻሕፍቱ በዝሆንና በበቅሎ ተጭነው እንደ ሄዱ፣ ሕፃኑ ዓለማየሁም እንግሊዝ አገር ተወስዶ በ1872 ዓ.ም. ሞቶ በዊንድዘር እንደ ተቀበረ ሁላችሁም ታውቃላችሁ።

እኔ ግን ከሞቱ ይልቅ የዚያኑ ሰኞ ጠዋት ነው የማስበው። ንጉሡ ሌሊቱን አብረዋቸው አምልጠው እንዲሄዱ የሚከተላቸውን ሲፈልጉ እሺ የሚል ጥቂት ሆነባቸው፤ በመጨረሻም እያንዳንዱ ራሱን ያድን ብለው አሰናበቱ። በነጋ ጊዜ የፋላና የእስላምጌ ሠራዊት፣ በሺሕ የሚቈጠር ወታደር፣ ጋሻና ጠመንጃውን እየከመረ እጁን ሰጠ። ከዚያ ሚስቱን፣ ልጁን፣ አህያውንና የዱቄት ስልቻውን እየነዳ፣ ወደ ላይ አንድ ጊዜ እንኳ ቀና ብሎ ሳያይ፣ ባለፈው ወር ከንጉሡ ጋር ድንጋይ እየተሸከመ የጠረገውን ያንኑ ሰፊ መንገድ ይዞ ወደ አሮጌ ሜዳ ወረደ።